ሰኞን የሚያውቅ ስብከት

እ.ኤ.አ. በ1928 ሃሪ ኤመርሰን ፎስዲክ የተባለ የኒውዮርክ ሰባኪ ሐርፐርስ በተሰኘው መጽሔት ላይ የሙያ ባልደረቦቹን የሚሸነቁጥ ጽሑፍ አወጣ። ሰባኪው ከጥንት ኢያቡሳውያን ይነሣል፣ ስብከቱ ሊያልቅ ሲል ብቻ ወደ ምእመኑ ዞር ይላል፤ ከፊቱ የተቀመጠው ሰው ግን ስለ ኢያቡሳውያን ለማወቅ ጓጉቶ አልመጣም፤ የራሱን ጣጣ በልቡ ተሸክሞ ነው የመጣው። ፎስዲክ ያቀረበው መድኃኒት ቀላል ነበር። ስብከቱ ሰው በእውነት ከሚጨነቅበት ነገር ይጀምር፤ አንድን ሰው ብቻውን አስቀምጦ እንደማማከር ሆኖ ለብዙዎች በአንድ ጊዜ ይነገር። መለኪያውም የታዳሚው ጭብጨባ ሳይሆን ከስብከቱ በኋላ «ለብቻዬ ላነጋግርዎ» ብሎ የሚመጣው ሰው ቁጥር ነበር።

ይህን የሚለው ከመጽሐፍ ተነሥቶ ብቻ አልነበረም። ፎስዲክ በወጣትነቱ፣ ገና የነገረ መለኮት ተማሪ ሳለ፣ በከባድ የመንፈስ ጭንቀት ወድቆ ራሱን ሊያጠፋ እስከማሰብ ደርሷል። ኤልሚራ በምትባል ከተማ ባለ ማገገሚያ ወራት አሳለፈ። በ1915 ያሳተመውና በብዙ አገር የተነበበው የጸሎት መጽሐፉ ያ ጨለማ ባይኖር ኖሮ እንደማይጻፍ ራሱ መስክሯል። ከዚያ በኋላ ተስፋ የቆረጠ ሰው ቢሮው ሲመጣ «እምነትህ ጎድሎ ነው» የሚል ፈጣን ፍርድ አይሰጥም ነበር። ጉዳዩ ከአቅሙ በላይ ሲሆን የአእምሮ ሐኪም ያማክር ነበር። በ1920ዎቹ ይህን የሚያደርግ ቄስ ብርቅ ነበር፤ ዛሬም በእኛ ዘንድ ቢሆን ያን ያህል አልተለመደም።

ፎስዲክ የቆመበት ወገን ተራማጅ ክርስትና ይባላል። መጽሐፍ ቅዱስንና ሳይንስን ሳያጣሉ ያነባሉ፤ ድህነትን፣ ዘረኝነትንና ጦርነትን የፖለቲከኞች ጉዳይ ብለው አይተዉም፣ የኃጢአት ጉዳይ ያደርጉታል። በ1922 ወግ አጥባቂዎቹን የሚሞግት ስብከት ሰብኮ ከነበረበት የፕሬስቢቴሪያን ደብር እስከመልቀቅ ደረሰ። ባለጸጋው ጆን ሮክፌለር ጁኒየር ገንዘቡን አፍስሶ ሪቨርሳይድ ቤተ ክርስቲያንን አሠራለት፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም በ1930 አገልግሎት ጀመረች። ዓመቱን ልብ ይበሉ፤ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ውስጥ ነበረች። በሀብታም ገንዘብ የቆመ ሕንፃ ለሥራ አጥ ተስፋን ሲሰብክ መስማት የሚቆረቁረው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ግን ከስብከቱ ጎን ሥራ ፈላጊን ከሥራ ጋር የምታገናኝበት ክፍል ነበራት፤ ይህ ባይኖር ቁርቁሩ እውነት በሆነ ነበር።

በትምህርታቸው መስማማት አለመስማማት የአንባቢው ድርሻ ነው። እኔን የሚስበኝ ተስፋን የሚይዙበት መንገድ ነው። ዘመን በተለወጠ ቁጥር በየአዳራሹ «ይህ ዓመት የድል ዓመትህ ነው» ሲባል እንሰማለን። ዓመቱ ያልቃል፤ ድሉ ያልመጣለት ሰው ኪሳራው ላይ የእምነት ጉድለት ጸጸት ተደርቦበት ወደ ቤቱ ይገባል። የእነ ፎስዲክ ስብከት በዚህ ዓመት ምን እንደሚሆን አይተነብይም። የሚሰጠው ሰኞ ጠዋት ከአልጋ ለመነሣት የሚበቃ ጉልበት ነው፤ ከዚያ በላይ ቃል አይገባም።

ይህ ጉልበት ከየት እንደሚመጣ ከማንም በላይ ያሳየኝ የሃዋርድ ተርማን ታሪክ ነው። ተርማን በ1899 ፍሎሪዳ ውስጥ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ሰባኪ ሲሆን በ1944 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ነጭና ጥቁር በአንድነት የሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያን ከመሠረቱት አንዱ ነው። ያሳደገችው አያቱ ናንሲ አምብሮዝ በባርነት ያደገች፣ ማንበብ የማትችል ሴት ነበረች። መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብላት ልጁ ተርማን ነው። የጳውሎስን መልእክታት ግን አንብብልኝ አትልም፤ ስለ ፍቅር ከሚናገረው ከአንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 13 በቀር። ምክንያቱን ትልቅ ሰው ሆኖ ጠየቃት። በባርነት ዘመን የጌታው ነጭ ሰባኪ እየመጣ፣ ባሮች ለጌቶቻቸው ይታዘዙ የሚለውን የጳውሎስን ቃል ደጋግሞ ይሰብክላቸው ነበር። ነፃ ከወጣሁና ማንበብ ከቻልኩ ያንን ክፍል አላነብም ብላ ለራሷ ቃል ገብታ ነበር።

አልፎ አልፎ ደግሞ ሌላ ሰባኪ እንዲመጣ ይፈቀድላቸው ነበር፤ እሱም ባሪያ ነው። ስለ ስቅለቱ ይሰብክና ሲጨርስ ዝም ብሎ ፊታቸውን አንድ በአንድ ያያል። ከዚያ ባሮች እንዳልሆኑ፣ የእግዚአብሔር ልጆች እንደሆኑ ይነግራቸዋል። አያቱ ይህን ስታወራ ወገቧ ቀጥ ይል እንደነበር ተርማን ያስታውሳል። ያ ሰባኪ ነፃ እንደሚወጡ አልነገራቸውም፤ አያውቅማ። በማግስቱ ያው እርሻ፣ ያው አለቃ ነበር። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ አለቃው የሰጣቸውን ስም መቀበል ተዉ።

ሌላ የሰጠንን ስም አለመቀበል በእለት ኑሮም የሚሠራ ነገር ነው። ሪያድ ወይም ኩዌት ውስጥ በሰው ቤት የምትሠራ እህትን አሠሪዎቿ «ስምሽ ይከብደናል» ብለው በሌላ ስም ሊጠሯት ይችላሉ። የእርስዎ ደግሞ ምናልባት «ዕዳ ያለበት»፣ «የተፈታች»፣ «ፈተና የወደቀ» የሚል ይሆናል። በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ወረቀት ይያዙና ሰዎች ወይም ሁኔታዎች የሰጡዎትን ስሞች ይጻፉ። ከእያንዳንዱ ጎን ስሙን ማን እንዳወጣው ያስፍሩ። አብዛኛውን ጊዜ ስሙን ያወጣው አካል ያንን የማድረግ ሥልጣን እንዳልነበረው ያዩታል። ጸሎት ለሚያደርግ ሰው ይህ ወረቀት ለጸሎቱ መነሻ ይሆነዋል፤ ለማያደርግም ቢሆን ጊዜ አያባክንበትም።

ተራማጆቹ ድክመት የለባቸውም ማለት አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፎስዲክ ራሱ ጦርነቱን ደግፎ ጽፏል፤ በ1933 ይህን በይፋ ከመድረክ ተጸጽቶበታል። የሰው ልጅ በትምህርትና በሥልጣኔ እየተሻሻለ ይሄዳል የሚለውን ቀና ግምታቸውን ራይንሆልድ ኒበር የተባለው የነገረ መለኮት ሊቅ ክፉኛ ተችቶታል። ትችቱ ትክክል ይመስለኛል። ክፋትን አቃልሎ የሚያይ ስብከት እውነተኛ ክፋት ደጃፍ ሲያንኳኳ መልስ ያጣል።

የጥቁር አሜሪካውያን የመብት ታጋይ የሆነው ሰባኪ ማርቲን ሉተር ኪንግ ተራማጆቹንም ኒበርንም በትምህርት ቤት አንብቦ ነው ሞንትጎመሪ ከተማ የደረሰው። በጃንዋሪ 1956፣ የከተማዋ ጥቁሮች የዘር መለያየትን ተቃውመው አውቶቡስ አንሳፈርም ያሉበት አድማ በሁለተኛው ወር ላይ ሳለ፣ አንድ ሌሊት ስልክ ተደውሎ የግድያ ዛቻ መጣበት። ሚስቱና ሕፃን ልጁ ተኝተዋል። ወጥ ቤት ገብቶ ቡና አፈላና ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። 27 ዓመቱ ነው። ዶክትሬት አለው፣ አባቱም አያቱም ሰባኪ ናቸው፤ በዚያች ሰዓት ግን ይህ ሁሉ እንዳልረዳው ተናግሯል። ድምፁን አውጥቶ ደካማ እንደሆነ፣ ወኔው እየከዳው እንደሆነ ጸለየ። ከዚያም ለጽድቅ እንዲቆም የሚነግረው ድምፅ በውስጡ ሰማ። በሦስተኛው ቀን ቤቱ በቦምብ ተመታ። ቤተሰቡ ተረፈ፤ መሣሪያ ይዞ የተሰበሰበውን ሕዝብ ከበረንዳው ሆኖ ወደ ቤቱ ሸኘ። ብዙዎች ከዚህ ታሪክ ድምፁን ብቻ ይወስዳሉ። እኔ ከድምፁ በፊት ያለውን አልዘልም፤ ሰባኪው ለሌላ ሰው ሲሰብክ ሳይሆን ፈርቻለሁ ብሎ ሲናገር ነው መልስ ያገኘው።

ከዓመታት በኋላ የሪቨርሳይድ ሰባኪ የሆነው ዊሊያም ስሎን ኮፊን ሰባኪነት ብቻውን እንደማይበቃ በራሱ ላይ አየው። በጃንዋሪ 1983 የ24 ዓመት ልጁ አሌክስ በማዕበል ሌሊት መኪናው ቦስተን ወደብ ውስጥ ገብታ ሞተ። በማግስቱ ምግብ ይዛ ለልቅሶ የመጣች ሴት የእግዚአብሔር ፈቃድ አይገባኝም እያለች ስታልፍ ኮፊን ከተቀመጠበት ተነሥቶ ጮኸባት። ልጁ የመስታወት መጥረጊያውን ሳያስጠግን መቅረቱ፣ በዚያ ዝናብ ምናልባት በፍጥነት መንዳቱ፣ ምናልባትም ጠጥቶ መሆኑ፣ መንገዱ መብራት የሌለው መሆኑ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ወይ ሲል ጠየቀ። ዐሥር ቀን ያህል ቆይቶ ይህንኑ ለምእመናኑ ሰበከ። ማዕበሉ መኪናዋን ሲውጣት መጀመሪያ የተሰበረው ልብ የእግዚአብሔር እንደሆነም ነገራቸው።

እኛ ልቅሶ ቤት ስንገባ «ምን ይደረግ፣ ፈቃዱ ነው» እንላለን። ከፍቅር ነው፤ ብዙ ሰውም ይጽናናበታል። ነገር ግን የመኪና ፍሬን ሳይሠራ፣ ሐኪም ሳይገኝ፣ አሠሪ የደኅንነት ቀበቶ ሳይሰጥ የሞተ ሰው ቤት ሲገቡ ፈቃዱ ነው ከማለት ይቆጠቡ። ኮፊን እንዳለው ጥቅስ ጥቅስ እያነሡ ካጽናኑት ቄሶች አንዳንዶቹ ራሳቸውን ከሐዘኑ ሲከላከሉ ነበር። ዝም ብለው አብረው ይቀመጡ፤ ሰልስቱ ካለፈ፣ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ይመለሱ። ማንበብ ካስፈለገ መዝሙር 22 አለ፣ በግእዙ ቁጥር 21፤ አምላኩ እንደተወው የሚጮኽ ሰው «አምላኬ» ማለቱን ያልተወበት ጸሎት ነው።

ኮፊን በሪቨርሳይድ እስከ 1987 ሰበከ። የለቀቀው የኑክሌር መሣሪያን የሚቃወም ድርጅት ለመምራት ነው።