ንፍሮው ደብረ ብርሃን ላይ ለምን ይዘገያል?

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። አግብቼ ደብረ ብርሃን ከገባሁ ወዲህ አንድ ነገር ግራ ያጋባኛል። የሽምብራ ንፍሮ ስቀቅል ድስቱ እየተፍለቀለቀ እህሉ አልበስል ይለኛል፤ ከሰል ብጨምርበትም ለውጥ የለውም። ድሬዳዋ ቶሎ ኩፍ ይልልኝ የነበረው ሊጥም እዚህ ቀናት ይፈጅብኛል። አማቴ «ውሃው ነው» ይላሉ። እውነት ውሃው ነው?
አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ አማትዎ ከእውነት ብዙ አልራቁም። ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ውሃ ጥራጥሬን ያዘገያል። የዝናብ ውሃ አጠራቅመው አንድ ጊዜ ቢቀቅሉበትና ቢያነጻጽሩ ልዩነት ይኑር አይኑር ራስዎ ይለዩታል። ዋናው ምክንያት ግን የከተማዋ ከፍታ ነው።

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ውሃውን ከላይ የሚጫነው ግፊትም ይቀንሳል። በዚህ የተነሳ ውሃ ባነሰ ሙቀት ይፈላል። በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው ውሃ ድሬዳዋ ላይ በ96፣ ደብረ ብርሃን ላይ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። አንዴ ከፈላ በኋላ ደግሞ ክዳኑ እንፋሎት በሚያስወጣ ድስት ውስጥ ሙቀቱ ከዚያ አይዘልም። የጨመሩት ከሰል ሁሉ ውሃውን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ብቻ ይውላል። የሚያበስለው የውሃው ሙቀት እንጂ የእሳቱ ብዛት አይደለም። ይህን አጥብቄ የምናገረው በየቤቱ ብዙ ከሰል በከንቱ ስለሚነድ ነው።

አምስት ዲግሪ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል ወይ ይሉኝ ይሆናል። ያመጣል። የሽምብራ መብሰል ኬሚካዊ ለውጥ ነው፤ ሴሎቹን እርስ በርስ ያጣበቀው ፔክቲን ይፈርሳል፣ ስታርቹም ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። የስዊድኑ ኬሚስት ስቫንቴ አሬኒየስ እ.ኤ.አ. በ1889 እንዳስረዳው፣ ሞለኪውሎች ስለተጋጩ ብቻ አይለወጡም፤ የነበራቸው ትስስር እንዲላላ ከተወሰነ መጠን ያላነሰ ጉልበት ይዘው መገናኘት አለባቸው። በማንኛውም ቅጽበት ይህን ጉልበት የያዙት ከብዙዎቹ ጥቂቶቹ ናቸው። ገበያተኛው ሁሉ ዳገት ሥር ተሰብስቦ ሳለ፣ አቅሙ የፈቀደላቸው ጥቂቶች ብቻ ወደ ማዶ እንደሚሻገሩ ማለት ነው። ሙቀቱን ከ90 ወደ 100 ዲግሪ ብናሳድገው የሞለኪውሎቹ አማካይ ጉልበት የሚጨምረው ከመቶ ሦስት እጅ እንኳ በማይሞላ ነው። ዳገቱን መውጣት የሚችሉት ግን በብዙ ለውጦች ላይ እጥፍ ገደማ ይሆናሉ። ይህ ለእኔ ከኬሚስትሪ ትምህርት ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀው ነገር ነው። በዚህ ግምት ካሰላነው፣ ድሬዳዋ ላይ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ቅቅል ደብረ ብርሃን ላይ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይጠጋል።

ፕሬሸር ኩከር የሚጠቅመው በዚሁ ምክንያት ነው። እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ስለሚጨምር ውሃው ሳይፈላ ከ110 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። እሱ ከሌለዎት ሽምብራውን ከማታ ጀምሮ ይዘፍዝፉት። ክክ ከሙሉው ጥራጥሬ ቀድሞ የሚበስለው ልጣጩ ስለተነሳለትና ውሃና ሙቀት የሚገቡበት ገጽ ስለሰፋ ነው። ወጥ ከሆነ ቲማቲሙን ክኩ ከለሰለሰ በኋላ ይጨምሩ፤ አሲድ ፔክቲኑ እንዳይፈርስ ይይዘዋል። ሶዳ በተቃራኒው ያፋጥነዋል፤ ነገር ግን ቫይታሚን ቢ1ን ስለሚያጠፋ እኔ አልመክረውም።

ወደ ሊጡ ስንመጣ ከፍታው የሚጎዳዎት በብርዱ በኩል ነው። ሊጡን የሚያቦኩት ረቂቅ ሕዋሳት ኢንዛይም የሚባሉ ፕሮቲኖች አሏቸው። የኢንዛይም ሥራ ከላይ ያልነውን ዳገት ዝቅ ማድረግ ነው፤ በክፍል ሙቀት ለብቻው እጅግ ረጅም ጊዜ የሚፈልግ ለውጥ በእነሱ እርዳታ በሰዓታት ያልቃል። ሆኖም እነሱም ሙቀት ይሻሉ። በደብረ ብርሃን የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ሥራቸው በጣም ይቀዘቅዛል። ለብ ባለ ውሃ ያቡኩ፣ ቡሃቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከምድጃው አጠገብ ያስቀምጡ፣ እርሾውንም ጨመር ያድርጉ፤ ሠራተኞቹ ሲበዙ ሥራው ይፈጥናል። ውሃው ግን እጅ የሚያቃጥል እንዳይሆን፤ ከልክ ያለፈ ሙቀት ሕዋሳቱን ይገድላቸዋል፣ ኢንዛይሞቹንም ያበላሻቸዋል፣ ሊጡም ጭራሽ አይነሳም።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ እላለሁ። ቀይ ቦሎቄ ሲያበስሉ ዘፍዝፈው የዘፈዘፉበትን ውሃ ይድፉት፤ ከዚያም በአዲስ ውሃ በደንብ እያፍለቀለቁ ይቀቅሉት። ጥሬው ቦሎቄ ሆድ ክፉኛ የሚያውክ መርዛማ ፕሮቲን አለው፤ ይህም በለዘብተኛ ሙቀት አይጠፋም። በባሕር ወለል አካባቢ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ሙሉ መፍላት አለበት ይባላል፤ በእርስዎ ከተማ ግን ውሃው በ91 ዲግሪ ስለሚፈላ ከዚያ ብዙ አስረዝመው፣ ፍሬው እስኪፈረካከስ ይቀቅሉት። ለሽምብራው ግን ድስቱ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሰው ክዳኑን ይግጠሙ፤ በዚያው ጊዜ ይበስላል፣ ከሰሉም ይተርፍዎታል።