ኮዱ ክስ ነው፣ ፍርድ አይደለም፦ የፒክአፕን የኦክስጅን ሴንሰር ስለመመርመር

የአንዲት የማኅበራችን አባል አባት አፉላ ውስጥ በአትክልተኝነት ይሠራሉ። ማጨጃውም ሣሩም የሚጫነው በቤንዚን ፒክአፓቸው ነው። አንድ ቀን ክሩስኮቱ ላይ የሞተሩ መብራት በራ። ጋራዥ ወሰዱት፤ አንድ የኦክስጅን ሴንሰር ተቀየረ፤ ገንዘብ ተከፈለ። በሦስተኛው ቀን መብራቱ ተመልሶ በራ። ሁለተኛ ሲሄዱ «እንግዲህ ካታሊቲኩ ሳይሆን አይቀርም» ተባሉ። ካታሊቲክ ደግሞ ከሴንሰር በብዙ እጥፍ ይወደዳል፤ የዓመቱ ቴስትም ደርሷል። አባት ወረቀቱን ለልጃቸው ሰጥተው «እስቲ ምን እንደሚል አንብቢልኝ» አሏት።

ይህችን ቃል ብዙዎቻችን እናውቃታለን። ከባንክ፣ ከማዘጋጃ ቤት፣ ከኩፓት ኾሊም ወረቀት በመጣ ቁጥር ሰምተናታል። በዚህ ጊዜ ግን ዕብራይስጥ ማወቅ ብቻውን አልበቃም። ስለዚህ ተሰብስበን ነገሩን ተማርነው። የተማርነውን እነሆ።

ሴንሰሩ ምን ይሠራል?

1 ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል። የኦክስጅን ሴንሰር፣ በዕብራይስጥ ኻይሻን ኻምጻን፣ ጭስ ማውጫው ላይ ተሰክቶ በጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን ይለካል። የመኪናው ኮምፒውተር ያንን አይቶ ነዳጁን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። የቦሽ ኩባንያ የሠራው ይህ ሴንሰር መጀመሪያ የተገጠመው እ.ኤ.አ. በ1976 በቮልቮ መኪና ላይ ነው።

የተለመደው ዓይነት ነዳጅ ሲበዛ ወደ 0.9 ቮልት፣ አየር ሲበዛ ወደ 0.1 ቮልት ይሰጣል። ነገር ግን 300 ዲግሪ ያህል ካልሞቀ በትክክል አይሠራም። ለዚህም በውስጡ ትንሽ ማሞቂያ አለው፤ የዚህ ማሞቂያ መበጠስ የተለመደ ብልሽት ነው። ሴንሰሩ ሲበላሽ መኪናው ነዳጅ ሊያባክን ይችላል፤ የጭስ ምርመራም ሊያስጥል ይችላል። ነዳጅ አብዝቶ ብዙ ከተነዳ ደግሞ ካታሊቲኩን ያበላሻል።

የትኛው ሴንሰር ነው?

አባትን ገንዘብ ያስከፈላቸው እዚህ ላይ የተሠራ ስህተት ነው። ቪ-6 ወይም ቪ-8 ሞተር ሲሊንደሮቹ በሁለት ጎን ስለሚደረደሩ፣ ብዙውን ጊዜ አራት ሴንሰሮች አሉት። ጎኖቹ «ባንክ 1» እና «ባንክ 2» ይባላሉ። ባንክ 1 ማለት አንደኛው ሲሊንደር ያለበት ጎን ነው፤ ከመኪና መኪና ይለያያል። በሼቭሮሌ ሲልቨራዶ ቪ-8 በሹፌሩ በኩል ነው፤ በፎርድ ኤፍ-150 ቪ-8 በተሳፋሪው በኩል ነው። «ሴንሰር 1» ከካታሊቲኩ በፊት፣ «ሴንሰር 2» ከካታሊቲኩ በኋላ ያለው ነው።

ምርመራው በተራ

1. ኮዱን ሳታጠፉ ጻፉት። ከመሪው በታች ባለው ሶኬት ላይ ርካሽ የኮድ ማንበቢያ ይሰካል። የማሞቂያ ብልሽት ኮዶች እነዚህ ናቸው፦ ባንክ 1 ሴንሰር 1 ፒ 0135፣ ሴንሰር 2 ፒ 0141፤ ባንክ 2 ሴንሰር 1 ፒ 0155፣ ሴንሰር 2 ፒ 0161።

2. በዓይን እዩ። ሽቦው ጭስ ማውጫው ላይ ተኝቶ ቀልጦ ይሆን? ማገናኛው ዝጓል? ከሴንሰሩ በፊት ጭስ የሚያፈስ ቀዳዳ ካለ አየር ስለሚስብ ደህናውን ሴንሰር ያሳስተዋል። ፊውዙንም አትርሱ።

3. ማሞቂያውን ለኩ። ሞተሩ ቀዝቅዞ ማገናኛውን ነቅላችሁ መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጉ። ከአራቱ ሽቦዎች አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው ሁለቱ ብዙውን ጊዜ የማሞቂያው ናቸው። ደህና ማሞቂያ ከጥቂት ኦም እስከ 20 ገደማ ያሳያል። ምንም ካላሳየ ተበጥሷል። ጥርጣሬ ካላችሁ በሌላው ባንክ ያለውን አቻውን ለክታችሁ አወዳድሩ። ከመኪናው በሚመጣው ሽቦ በኩል ደግሞ ኤሌክትሪክ መድረሱን አረጋግጡ። ካልደረሰ ጥፋቱ የሴንሰሩ አይደለም።

4. ሞተሩ ሲሞቅ ንባቡን እዩ። ወደ ጊቭዓት ሃሞሬ ዳገት ወጥቶ መመለስ በቂ ማሞቂያ ነው። ማንበቢያውን የሚያየው ሹፌሩ ሳይሆን አብሮት የተቀመጠው ሰው ይሁን። የተለመደው ሴንሰር 1 በ0.1 እና በ0.9 መካከል ቶሎ ቶሎ መመላለስ አለበት። ሴንሰር 2 ግን ረጋ ማለት አለበት፤ እሱም እንደ አንደኛው የሚመላለስ ከሆነ ካታሊቲኩ ሊጠረጠር ይገባል። በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ሴንሰር 1 ሌላ ዓይነት ስለሆነ ይህ መለኪያ አይሠራለትም።

5. ምስክሩ እውነት ተናግሮ እንደሆነስ? ፒ 0171 «ባንክ 1 ላይ አየር በዝቷል» ይላል። ሴንሰሩ ያየውን በትክክል ተናግሮ፣ ጥፋቱ የተቀደደ የአየር ቱቦ ወይም የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። ምስክሩን ብትቀይሩት አዲሱም ያንኑ ይመሰክራል።

ምን አገኘን?

ኮዱ ፒ 0155 ነበር፤ ባንክ 2፣ ሴንሰር 1። የዚህ ፒክአፕ አንደኛ ሲሊንደር በሹፌሩ በኩል ስለሆነ ባንክ 2 በተሳፋሪው በኩል ነው። አዲሱ ሴንሰር የተገጠመው ግን በሹፌሩ በኩል ነበር። በተሳፋሪው በኩል ያለውን ለካነው፤ ማሞቂያው ተበጥሷል፤ ኤሌክትሪኩ ግን ይደርሳል። ሌላ መካኒክ ቀየረው፣ መብራቱም ጠፋ። ካታሊቲኩ ደህና ነበር።

ሁለት ማሳሰቢያ አለን። ከመኪና ሥር ስትገቡ በክሪክ ብቻ አትተማመኑ፤ ጠንካራ መደገፊያ አድርጉ። በዝገት የተጣበቀ ሴንሰርም ለመካኒክ ይተው። ደግሞም በአገራችን መንገድ የምናያቸው ብዙዎቹ ፒክአፖች ናፍጣ፣ እዚህ ሶለር የምንለውን፣ የሚጠቀሙ ናቸው፤ ይህ ትምህርት ለቤንዚን ሞተር ነው።

ማኅበራዊ ሥራ ስንማር የሚደጋገምልን ነገር አለ፦ ሰው ይዞት የመጣው ደብዳቤ የችግሩ መነሻ እንጂ መልሱ አይደለም። ኮድም እንደዚሁ ነው። ክሱን ሰምቶ ሳያጣሩ መፍረድ ለአባቶቻችን ሙግት አልሆነም፤ ለመኪናም አይሆንም።

ለአባት ሦስት ጥያቄዎች በፊደል ጽፈንላቸዋል፦ «ኤይዜ ኮድ? ኤይዜ ኻይሻን? ኤኽ ባዳክታ?» የትኛው ኮድ? የትኛው ሴንሰር? እንዴት መረመርከው? የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ እንዲያሳዩዋቸውም ይጠይቃሉ። ወረቀቱ አሁን ከፀሐይ መከላከያው ሥር ተሰክቷል። ጋራዥም የሚሄዱት ብቻቸውን ነው።