የአምስቱ መንደሮች ካብ

በሜዲቴራንያን ባሕር ዳርቻ ስላሉ መንደሮች የሚጻፈው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ስለ ባሕሩ፣ ስለ ዓሣውና ስለ ጀልባው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን አንባቢው ፊቱን ከባሕሩ መልሶ ከመንደሮቹ በስተጀርባ ያለውን ተራራ እንዲመለከት ነው። የባሕር ዳር ሕዝብ ሁሉ በባሕር ብቻ የሚኖር አለመሆኑን የሚያስረዳ አንድ ምሳሌ በሰሜን ምዕራብ ኢጣልያ፣ በሊጉርያ ክፍለ አገር ይገኛል። ቦታው ቺንኩዌ ቴሬ ይባላል፤ ትርጓሜውም «አምስቱ ምድሮች» ማለት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የአገሩ አቀማመጥ

አምስቱ መንደሮች ሞንቴሮሶ፣ ቬርናጻ፣ ኮርኒልያ፣ ማናሮላና ሪዮማጆሬ ናቸው። ተራራው ከባሕሩ ላይ ቀጥ ብሎ የተነሣ ስለ ሆነ ሜዳ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሰፋ ያለ አሸዋማ ዳርቻ ያላት ሞንቴሮሶ ብቻ ናት። ቬርናጻ ትንሽ የተፈጥሮ ወደብ አላት። ኮርኒልያ ከባሕሩ 100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በገደል ራስ ላይ ስለ ተቀመጠች፣ ከባቡር ጣቢያው ወደ እርሷ በእግር የሚወጣ ሰው ከ370 በላይ ደረጃ መርገጥ አለበት። ማናሮላና ሪዮማጆሬ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ተጨናንቀው የተሠሩ ናቸው።

እንዲህ ባለው ስፍራ ሰው ምን በልቶ ይኖራል? ዓሣ ማጥመድ ነበረ፤ በተለይም የሞንቴሮሶ ሰዎች ትንንሽ ዓሣ በሌሊት በፋኖስ ብርሃን እየሳቡ በመረብ ይይዙና በጨው ያቈዩት ነበር። ነገር ግን የአብዛኛው ሕዝብ መተዳደሪያ የወይን ተክል ነበረ። ወይን ለመትከል ደግሞ አስቀድሞ አፈሩን የሚይዝ መሬት መሥራት ያስፈልግ ነበር።

የካቡ አሠራር

ገበሬዎቹ ከመካከለኛው ዘመን ጀምረው ተራራውን በእርከን ከፋፈሉት። እያንዳንዱ እርከን ያለ ጭቃና ያለ ኖራ በተደረደረ የድንጋይ ካብ የተደገፈ ነው። ይህም የሆነው በድኽነት ምክንያት ብቻ አይደለም። ከፊት ትልልቁ ድንጋይ፣ ከኋላው ጠጠር፣ ከዚያም አፈር ይሆናል። ዝናብ በዘነበ ጊዜ ውሃው በድንጋዮቹ መካከል ቀስ ብሎ ይወጣል። ካቡ በኖራ የተለሰነ ቢሆን ኖሮ ውሃው ከኋላው ተጠራቅሞ ይገፋውና ይጥለው ነበር።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ካብ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው አይደለም። ጠጠሩ በአፈር ሲደፈን ካቡ እንደ ሆድ ይነፋል፤ አንድ ድንጋይ ወድቆ ቶሎ ካልተመለሰ ጎረቤቱ ይከተለዋል። ስለዚህ በየዓመቱ መካብና መጠገን የግድ ነው። ወይኑም ሲደርስ በቅርጫት ተሞልቶ በሰው ራስና ትከሻ ይወርድ ነበር። በኋላ ዘመን በአንዳንድ ቦታ ባለ አንድ ሐዲድ ትንሽ ማመላለሻ ገብቶ ሸክሙን አቃልሏል። ከደረቀ የወይን ዘለላ የሚጠመቀው ሻኬትራ የተባለው ጣፋጭ የወይን ጠጅ የዚህ ሁሉ ድካም ፍሬ ነው።

ካቡ ለምን ተተወ?

በአቅራቢያው ባለችው በላ ስፔጽያ ከተማ በ1869 የባሕር ኃይል የጦር መርከብ መሥሪያ ተከፈተ። በ1874 ደግሞ ከጄኖቫ ወደ ላ ስፔጽያ የሚሄደው የባቡር መንገድ ተጠናቀቀ። ቀድሞ በጀልባና በበቅሎ መንገድ ብቻ ይደረስባቸው የነበሩት መንደሮች ከዓለም ጋር ተገናኙ። የገበሬው ልጅም የወር ደመወዝ ከካብ ሥራ እንደሚሻል ተገነዘበ። በዚህ ማንም ሊወቅሰው አይችልም። ነገር ግን እርሱ የተወው እርከን በቦታው ጸንቶ አልቈየም።

ጥቅምት 25 ቀን 2011 በጥቂት ሰዓት ውስጥ እጅግ ከባድ ዝናብ ወረደ። በቬርናጻና በሞንቴሮሶ ጭቃና ድንጋይ ከተራራው ተንዶ ጎዳናውንና ምድር ቤቱን ሞላው፤ ሰዎችም ሞቱ። ከዚያ በኋላ የቬርናጻን ቁልቁለት ያጠኑ ሊቃውንት አንድ ነገር አስተዋሉ። ብዙ ከተናደው መሬት መካከል ብዙ ዘመን ሳይሞላው የተተወና ዛፍ ገና ያልሸፈነው እርከን ይገኝበታል። ሰው ያበጀው መሬት ሰው ሲተወው ወዲያውኑ ዱር ሆኖ አይድንም፤ በመካከሉ አደገኛ ዘመን አለ።

ጎብኚውና ጠጋኙ

አካባቢው በ1997 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል፤ በ1999 ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል። አምስቱን መንደሮች የያዙት ሦስቱ ወረዳዎች ተደምረው የሕዝባቸው ቍጥር ከ4,000 የማይበልጥ ሲሆን፣ በየዓመቱ የሚመጣው ጎብኚ ግን በሚሊዮን ይቈጠራል። ጎብኚው ገንዘቡን የሚከፍለው በታች ላለው አልጋና ምግብ ነው፤ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ግን በላይ ያለውን እርከን ነው። ቤቱን ለእንግዳ የሚያከራየው ሰው በአንድ ሳምንት የሚያገኘውን ገበሬው በብዙ ወር ድካም ላያገኘው ይችላል። ለእግር መንገዶቹ ከጎብኚው ክፍያ ይሰበሰባል፤ ይህ መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን ካብ የሚክብ እጅ ከሌለ ገንዘቡ ብቻውን ድንጋይ አያነሣም።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችን የኮንሶ ሕዝብ ተራራውን በድንጋይ ካብ አሰናድቶ ለብዙ ትውልድ አርሶበታል፤ መልክዓ ምድሩም በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መመዝገብ ክብር ነው፤ ጥገና ግን አይደለም።

እንግዲህ የምጣኔ ሀብት፣ የምህንድስናና የእርሻ ትምህርት የምንከታተል ጓደኞች ስለ ቱሪዝም ጥቅም በምንነጋገርበት ጊዜ ስንት እንግዳ መጣ ብለን ብቻ መጠየቅ አይበቃንም። እንግዳው የመጣበትን ነገር የሚጠብቀው ማን ነው? ድርሻውስ ስንት ነው? ብለን ልንጠይቅ ይገባል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይባላል። የቺንኩዌ ቴሬ ካብ ዛሬ ለጥቂት ሽማግሌ ገበሬዎች ሸክም ሆኗል፤ ከእርሱ የሚጠቀመው ሁሉ ድርሻውን ቢያነሣ ግን ጌጥ ሆኖ ሊኖር ይችላል።