ንዝረትን ማዳመጥ

ስኮትላንዳዊቷ ኤቭሊን ግሌኒ እ.ኤ.አ. በ1965 ተወለደች። በ8 ዓመቷ ጆሮዋ መድከም ጀመረ፤ በ12 ዓመቷ መስማት ተሳናት። ይሁን እንጂ ከበሮ መማር የጀመረችው በዚያው ዕድሜዋ ነው። መምህሯ ትልልቆቹን ከበሮዎች ሲመታ እርሷ መዳፎቿን በግድግዳው ላይ አሳርፋ ንዝረቱን ትከታተል ነበር። ወፍራሙን ድምፅ በእግሯ፣ ቀጭኑን በፊቷና በአንገቷ መለየት ቻለች። (ጆሮ የሚቀበለውም ቢሆን ንዝረትን ነው።) በለንደን የሚገኘው ንጉሣዊ የሙዚቃ አካዳሚ ግን መስማት የተሳናት ሙዚቀኛ የወደፊት ዕድሏ አይታወቅም ሲል አልተቀበላትም። በችሎታዋ እንጂ በጆሮዋ ልትመዘን እንደማይገባ ተከራከረች፤ ዳግመኛም ተፈትና እ.ኤ.አ. በ1982 ገባች። ባርቶክ ለሁለት ፒያኖና ለምት መሣሪያዎች የደረሰውን ሶናታ ከሦስት ሙዚቀኞች ጋር ተጫውታ በማስቀረጿ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የግራሚ ሽልማት ተቀበለች።

መልመጃ፦ «ይሁን እንጂ» እና «ግን» ያያያዟቸውን ተቃራኒ ሐሳቦች ለይታችሁ ጻፉ።