ከነዳጅ ጉድጓድ እስከ ጨው ዕቃሽ

ልጄ፣ ኬሚስትሪ ልትማሪ ጎንደር መግባትሽን ሰምቼ ደስ አለኝ። መተማ ላይ ያረጀ ሰው የሚልሽን ያዢልኝ።

1. የሚደፋውን ውኃ አትናቂ። የሱዳን ነዳጅ የጫኑ ቦቴዎች በደጃችን ሲያልፉ አይተሻል። ድፍድፉ ከመሬት ሲወጣ ግን ጨዋማ ውኃ አብሮት ይወጣል፤ ጉድጓዱ ሲያረጅማ ከነዳጁ ውኃው ይበልጣል። በአሜሪካ አርካንሳስ ከነዳጅ አካባቢ ጨዋማ ውኃ ብሮሚን ሲያወጡ ኖረዋል፤ አሁን ለባትሪ የሚሆን ሊቲየም እየፈለጉበት ነው። እኔ ግን ልቤ ያለው አዮዲን ላይ ነው።

2. እናቴ ከደጋ ወርዳ ነው እዚህ የከተመችው። በሚያዝያ፣ ጥላ ሥር 40 ዲግሪ ሲደርስ እንኳ ነጠላዋን ከአንገቷ አታወርድም ነበር፤ እንቅርቷን ሰው እንዳያይባት። ማታ ብቻችንን ስንሆን ታወልቀዋለች፤ ውኃ ስትጠጣ እብጠቱ ከጉሮሮዋ ጋር ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ አደግሁ። ለአዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው አዮዲን 150 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። እሷ ያንን አጣች።

3. የጃፓኖቹን ሥራ በደንብ አጥኚ። ቺባ ውስጥ የተፈጥሮ ጋዝ የሚያወጡት ከጥንት የባሕር ውኃ ነው፤ አዮዲኑ ከተራው ባሕር 2,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ጋዙን ከለዩ በኋላ ውኃው ላይ ክሎሪን ይጨምራሉ፤ የሟሟው አዮዲን ይላቀቃል፤ አየር ሲነፉበት ተንኖ ይወጣል፤ ያኔ ይይዙታል። ውኃው ያለ ልክ ሲቀዳ ግን መሬቱ ሰመጠባቸው፤ መቅዳቱ በገደብ ሆነ። ይህንንም አብረሽ ያዢ።

4. ከነዳጅና ከጋዝ ጋር የሚወጣው ጨዋማ ውኃ ሰሊጥ ማሳ ላይ ቢፈስ ማሳውን ያቃጥላል። ጓንግን በሚያህል ወንዝ ውስጥ እንኳ አይለቀቅም።

5. በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የምግብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ደነገገ። ነገር ግን ጆንያው ገበያ ፀሐይ ላይ ከዋለ፣ ጨውሽም ምድጃ ሥር ክፍቱን ካደረ አዮዲኑ ይባክናል። ክዳን ባለው ዕቃ አኑሪው፤ ወጡ በስሎ ሊወርድ ሲል ጨምሪ። ለእናትሽም ንገሪያት።

6. አዮዲኑን የምንገዛው ከውጭ ነው። ኦጋዴን ውስጥ ካሉብና ሂላላ ላይ ጋዝ አለን። ከጋዙ ጋር የሚወጣውን ውኃ ከመደፋቱ በፊት መርምሮ በውስጡ ያለውን የሚነግረን ሰው ያስፈልገናል። ያ ሰው አንቺ ሁኚልኝ።