ለአሮጌ ሞተር አዲስ አእምሮ፤ የሞተር ኮምፒዩተር ስለ መለወጥ

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ምሳሌ ለቤተ ክህነት ተማሪ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ቁልፍና መፍቻ ይዘን ወደ መኪና ለምንጠጋ ተማሪዎችም የሚገባ ምክር ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ከፋብሪካ የመጣውን የሞተር ኮምፒዩተር አውጥቶ እንደ ልብ የሚታረም ሌላ ኮምፒዩተር ስለ መግጠም ነው። ሥራው ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በጥቂት ሴኮንድ ስሕተት የብዙ ዓመት ቁጠባ የተከፈለበት ሞተር ሊጠፋ ይችላል።

ለምሳሌ የምንወስደው መኪና ኒሳን ስካይላይን ጂቲ-አር፣ አር 32 የተባለው ነው። ይህ መኪና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1989 እስከ 1994 በይበልጥ ለጃፓን ገበያ የተሠራ ሲሆን መሪው በቀኝ በኩል ነው። የአሜሪካ ሕግ ዕድሜው 25 ዓመት የሞላውን መኪና ለማስገባት ስለሚፈቅድ፣ ከ2014 ጀምሮ ብዙዎቹ ባሕር ተሻግረው ወደዚያ ሄደዋል። ሞተሩ ስድስት ሲሊንደርና ሁለት ተርቦ ያለው፣ ስፋቱም 2,568 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው።

ኮምፒዩተሩ ለምን ይለወጣል? የፋብሪካው ኮምፒዩተር ምን ያህል ቤንዚን እንደሚረጭና ካንዴላው መቼ እሳት እንደሚሰጥ የሚያውቀው በውስጡ ከተጻፈው ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ የተጻፈው ለፋብሪካው ዕቃዎች ነው። ባለቤቱ ተርቦውን፣ ኢንጀክተሩን ወይም የጭስ ማውጫውን ሲለውጥ ሠንጠረዡ በሌላ ሰው ልክ እንደ ተሰፋ ልብስ ይሆናል።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። ከስድስቱ ሲሊንደሮች እያንዳንዱ 428 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይይዛል። ሲሊንደሩ ሙሉ በሙሉ ይሞላል ብንል፣ ግፊቱ 100 ኪሎ ፓስካል፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ወደ 0.51 ግራም አየር ይገባል። አንድ ግራም ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል 14.7 ግራም አየር ስለሚፈልግ፣ የሚረጨው ቤንዚን 0.035 ግራም ያህል ነው። ተርቦው ግፊቱን ወደ 170 ኪሎ ፓስካል ሲያደርሰውና አየሩ 50 ዲግሪ ሲሞቅ ግን የአየሩ ክብደት 0.785 ግራም ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሞተሩን ከሙቀት ለመጠበቅ ቤንዚኑ ስለሚበዛ፣ ለአንድ ግራም ቤንዚን 11.8 ግራም አየር ብንሰጥ የሚያስፈልገው 0.067 ግራም ነው፤ ከፊተኛው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሠንጠረዡ ይህን ሳያውቅ ቢቀር ድብልቁ ይሳሳል፣ ሙቀቱ ይበረታል፣ ሞተሩ ያንኳኳል፣ በመጨረሻም ፒስተኑ ይቀልጣል ወይም ይሰበራል።

እንግዲህ ሥራውን በተራ እንያዘው።

አንደኛ፦ በዚያው በመኪናው ሶኬት ላይ የሚሰካውን ዓይነት መምረጥ ይሻላል። የቆየ ሽቦ በተቆረጠ ቁጥር ኋላ ምክንያቱ የማይገኝ ብልሽት ይወልዳል።

ሁለተኛ፦ የአየሩን መጠን መለካት ነው። ፋብሪካው የገጠመው በጋለ ሽቦ የአየርን ፍሰት የሚለኩ ሁለት መሣሪያዎችን ነው። አዲሱ ኮምፒዩተር ብዙውን ጊዜ በእነርሱ ፈንታ በአየር ማስገቢያው ውስጥ ያለውን ግፊት ይለካል። ይህ ሞተር ግን ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ የአየር በር ስላለው፣ በዝቅተኛ ጭነት ጊዜ ግፊቱ ይዋዥቃል፤ በሩ ጥቂት ከተከፈተ በኋላም የግፊቱ ቁጥር ብዙ አይነግረንም። ስለዚህ የበሩን አከፋፈትና ግፊቱን አብሮ የሚያይ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፦ ኢንጀክተሮቹን ማወቅ ነው። የፋብሪካዎቹ ኢንጀክተሮች የኤሌክትሪክ መቋቋማቸው አነስተኛ ስለሆነ ከተጨማሪ ሬዚስተር ጋር ይሠራሉ፤ መቋቋማቸው ከፍተኛ የሆኑ ከተገጠሙ ያ ሬዚስተር መታለፍ አለበት። ደግሞም ሞተሩ በደቂቃ 7,200 ጊዜ ሲዞር አንድ ሙሉ ዑደት የሚፈጀው 16.7 ሚሊ ሴኮንድ ብቻ መሆኑን አንርሳ፤ ቤንዚኑ በዚህ ጊዜ ውስጥ ገብቶ ማለቅ አለበት።

አራተኛ፦ የእሳቱን ጊዜ በዓይን ማረጋገጥ ነው። እኛ አንድ ጊዜ በኮምፒዩተሩ ላይ የተጻፈውን 15 ዲግሪ አምነን ልንነዳ ስንል፣ ከመካከላችን አንዱ «መብራቱን ሳናበራ አንሄድም» ብሎ አስቆመን። የአንደኛውን ሲሊንደር ቦቢና አንሥተን፣ በመካከሉ የካንዴላ ሽቦ አስገብተን በብልጭታ መብራት ስናየው፣ በፑሊው ላይ ያለው ምልክት 25 ዲግሪ አሳየን። ኮምፒዩተሩ ያለው ሌላ፣ ሞተሩ የሚሠራው ሌላ ነበር። እሳቱ በ10 ዲግሪ ቀድሞ በሙሉ ግፊት ብንነዳው ኖሮ ምን ይደርስ እንደ ነበር ለማንም ግልጽ ነው። ያንን ጓደኛችንን እስከ ዛሬ እናመሰግነዋለን።

አምስተኛ፦ አራቱን ጎማዎች አለመዘንጋት ነው። ይህ መኪና በተለመደው ጊዜ የሚነዳው በኋላ ጎማዎቹ ነው፤ የኋላዎቹ ሲንሸራተቱ ግን ሌላ ኮምፒዩተር በዘይት ግፊት ፍሪሲዮን እያጠበቀ እስከ ግማሽ የሚደርሰውን ጉልበት ወደ ፊት ያስተላልፋል። ይህ ኮምፒዩተር የአየሩን በር አከፋፈትና የሞተሩን ዙር ማወቅ ስላለበት፣ እነዚህ ምልክቶች ሳይቋረጡ መድረሳቸውን እንመርምር። የሙከራ ሩጫውም አራቱንም ጎማዎች በሚያሽከረክር መሣሪያ ላይ ይሁን። የኋላዎቹ ብቻ በሮለር ላይ ቢዞሩ፣ ኮምፒዩተሩ የተንሸራተቱ መስሎት የፊቶቹን ያስነሣና መኪናው ከመሣሪያው ላይ ዘሎ ሰው ሊጎዳ ይችላል።

በመጨረሻም፣ በጭስ ማውጫው ላይ የድብልቅ መለኪያ ገጥመን፣ ከዝቅተኛ ግፊት ጀምረን፣ የማንኳኳቱን ድምፅ እያዳመጥን ሠንጠረዡን በጥቂት በጥቂቱ እንሙላ። ጉልበት ለመጨመር መቸኮል አይገባም፤ የፋብሪካዎቹ ተርቦዎች የጭስ ጎማቸው ከሴራሚክ የተሠራ ስለሆነ ብዙ ግፊት ሲጫንባቸው ይሰበራሉና።

አዲሱ ኮምፒዩተር በራሱ ዐዋቂ አይደለም። የነገሩትን ብቻ ይፈጽማል፤ ስሕተትም ቢነግሩት ያንኑ ስሕተት በታማኝነት ይፈጽማል። ስለዚህ ከመግጠም በፊት ማስላት፣ ከመንዳትም በፊት መለካት ልማዳችን ይሁን።