ሦስት ድምፅ በአንድ ጣሳ

መካነ ሰላም ላይ ዳስ ተጥሎ ሞንታርቦው ቆሟል። ዘፋኙ ማይኩን የሚሰካበት የራሱ ቀዳዳ አለው፤ ለኦርጋን፣ ለስልክና ለማሲንቆ ግን የቀረው ቀዳዳ አንድ ብቻ ነው። ኦርጋን ተጫዋቹ ሲያበቃ ገመዱን ይነቅላል፣ የስልኩ ባለቤት ይሰካል። በየመሀሉ ስፒከሩ «ጧ!» ይላል፣ እስክስታውም ይበርዳል። ማሲንቆ ያዡ ከሁለቱ ጋር አብሮ መምታት ሲገባው ተራ ይጠብቃል። ከደሴ ሚክሰር ማስመጣት ይቻል ይሆናል፤ እሱም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ መብራት ይፈልጋል። መብራት ሲሄድ የሚቀረው ባትሪ ያለው ስፒከር ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምገልጸው ሚክሰር ግን መብራትም ባትሪም አይጠይቅም።

ብዙ ሰው የሚሞክረው አቋራጭ አለ፤ የሁለቱን ጃክ ሽቦ ልጦ አንድ ላይ መጠምዘዝ። እባክዎ አያድርጉት። የስልክም የኦርጋንም መውጫ ድምፅ ለመግፋት የተሠራ ነው። ሁለቱ በቀጥታ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይገፋል፣ ድምፁ ይደክማል ወይም ይሰነጠቃል፣ የመሣሪያው መውጫም ሊጎዳ ይችላል። መፍትሔው በእያንዳንዱ መንገድ ላይ ሬዚስተር ማስገባት ነው። ሬዚስተሩ መሣሪያዎቹን እርስ በርስ እንዳይገፋፉ ያራርቃል፣ ድምፃቸውን ግን ወደ አንድ የጋራ ሽቦ ያሳልፋል። ሚክሰሩ በመሠረቱ ይኸው ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም። የ10 ኪሎ ኦም ቮልዩም ሦስት፤ ጀርባው ላይ «ኤ10ኬ» የሚል ቢገኝ ይመረጣል፣ ለጆሮ በሚመች መጠን ይከፍታልና። የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ሦስት (ቡናማ፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማ) እና የ1 ኪሎ ኦም አራት (ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቀይ)። ሴቴ ጃክ አራት፦ ሦስቱ የ3.5 ሚሊ ሜትር ስቴሪዮ፣ አንዱ የ6.35 ሞኖ። ከተበላሸ ቴፕና ሬዲዮ ቦርድ ላይ ሬዚስተሩ በብዛት ይገኛል፤ እግሩ እንዳያጥር በጥንቃቄ ይንቀሉት፣ በቴስተርም ይለኩት። ከዚህ ሌላ ሶልደሪንግ አይረን፣ ሊድ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ናስትሮ፣ እንዲሁም የወተት ዱቄት ጣሳ ከነክዳኑ።

ጣሳው ብረት መሆን አለበት። ፕላስቲክ ሣጥን በዙሪያው ካለው የመብራት መስመር የሚመጣውን ጉምጉምታ አያግድም፤ ብረት ግን ከግራውንድ ጋር ሲገናኝ ያግዳል። ቀዳዳዎቹን በትራፓኖ ይብሱ፤ ከሌለ በምስማር ጀምረው በሊማ ያስፉ። ጠርዙን ሳያለሰልሱ እጅ አያስገቡ።

ቮልዩሞቹንና ጃኮቹን በዳዶ ካሰሩ በኋላ በግራውንዱ ይጀምሩ። ቮልዩሙን እንዝርቱ ወደ እርስዎ፣ ሦስቱ እግሮቹ ወደ ታች ሆነው ይያዙት። የግራው እግር ግራውንድ ነው፤ መሀለኛው መውጫ፣ የቀኙ መግቢያ። የሦስቱን ቮልዩሞች የግራ እግር፣ የአራቱን ጃኮች የግራውንድ እግርና ጣሳውን ራሱን በአንድ ሽቦ ያገናኙ። ጣሳው ቀለም ከተቀባ ሊዱ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድመው ይፋቁ።

ቀጥሎ የስልኩና የኦርጋኑ መግቢያ። ስቴሪዮ ጃክ ግራና ቀኝ አለው። ከሁለቱም እግሮች ላይ አንድ አንድ ባለ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አውጥተው ጫፎቻቸውን ያጋጥሙ፣ ከዚያም በቮልዩሙ የቀኝ እግር ላይ ይበይዱ። ማሲንቆው የሚሰካበት የ6.35ቱ ሞኖ ጃክ ይህን አይፈልግም፤ በቀጥታ ወደ ቮልዩሙ ይሂድ።

ከእያንዳንዱ ቮልዩም መሀለኛ እግር አንድ ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይወጣል፤ የሦስቱ ጫፎች አንድ ላይ ተበይደው ወደ መውጫው ጃክ ይሄዳሉ። መውጫው ስቴሪዮ ስለሆነ ግራውንም ቀኙንም እግር ከዚሁ የጋራ ሽቦ ጋር ያገናኙ፤ ድምፁ በሁለቱም ወገን እንዲሰማ።

ከመሰካትዎ በፊት ይለኩ። ሦስቱንም ቮልዩም ዘግተው መውጫውን ከግራውንድ ጋር ሲለኩ 3.3 ኪሎ ኦም ገደማ ማየት አለብዎ። የስቴሪዮ መግቢያው እያንዳንዱ ወገን 11፣ ሞኖው 10 ኪሎ ኦም ያህል ያሳያል። ዜሮ ካነበበ አንድ ቦታ ሊድ ፈሶ ሁለት እግር አጋጥሟል።

ይህ ሣጥን ድምፅ አይጨምርም፤ እንዲያውም ይቀንሳል። ሦስት መንገድ ሲኖረው የእያንዳንዱ ቮልቴጅ ወደ ሢሶ ገደማ ይወርዳል፣ ማለትም 9.5 ዴሲቤል ያህል። ባዶውን ቮልዩም መዝጋት የጠፋውን አይመልስም፣ ሬዚስተሩ እዚያው አለና። ስለዚህ «ለወደፊት ይሆናል» ብለው ስድስት መግቢያ አይሥሩ። የጎደለውን በሞንታርቦው ማስተር ይሙሉት።

ማሲንቆው ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ እኔንም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ብዙ ሰው ከተበላሸ ቡዘር ያወጣትን ክብ ፒዬዞ ቆዳው ላይ ለጥፎ በቀጥታ ይሰካል። ፒዬዞ በ10 ኪሎ ኦም ሲጫን ወፍራሙን ድምፅ ያጣል፤ የሚቀረው ጭረት ብቻ ነው። ማይክም ቢሆን የሚያወጣው ጥቂት ሚሊ ቮልት ስለሆነ በስልኩ ይዋጣል። በመካከል በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ፕሪአምፕ ያስገቡ፤ እሱ ከሌለና ሞንታርቦው ከዘፋኙ ሌላ የማይክ ቀዳዳ ካለው፣ የማሲንቆውን ማይክ ወደ ሣጥኑ ሳይሆን ወደዚያ ይውሰዱት።

ጉምጉምታ ከተሰማ መጀመሪያ ስልኩን ከቻርጀር ይንቀሉ። ካልጠፋ የጣሳውን ግራውንድ ይፈትሹ።

ቅኝቱን ግን ሣጥኑ አያቃናም። ባቲና አምባሰል ስማቸው ከወሎ ምድር ጋር የተያያዘ ቅኝቶች ናቸው፤ እዚህ ያደገ ጆሮ ኦርጋኑና ማሲንቆው ሲለያዩ ወዲያው ያውቃል። ስለዚህ ቮልዩም ከመንካትዎ በፊት ማሲንቆውን ከኦርጋኑ ጋር ያስማሙ። ከዚያ የማሲንቆውን ቮልዩም እስከ መጨረሻው ከፍተው ይምቱት። ኦርጋኑን ቀስ እያሉ ይጨምሩ፤ የደጋኑ መሳብ መሰማቱን ሊያቆም ሲል ትንሽ ይመልሱት። ስልኩን በመጨረሻ። ሦስቱ የቆሙበትን ቦታ ጣሳው ላይ በጥፍር ቀለም ምልክት ያድርጉበት፤ ጨለማ ዳስ ውስጥ ይጠቅምዎታል።